ግማሿ ክኒን

ከሚሴ ላይ የያዙን ወንድሜንና እኔን አንድ ላይ ነው። ያስገቡን ቀድሞ የእህል መጋዘን በነበረ ቤት ውስጥ ነበር፤ በወለሉ ስንጥቅ ውስጥ አሁንም ማሽላ አለ። አሥራ አንድ ሰዎች ቀና ብለው አዩን። ሰላምታችንን የመለሰው አንዱ ብቻ ነው።

እሱ የሰንበቴ ገበያ ግመል ነጋዴ ነበር፤ በዕድሜ አባታችንን ያህላል። ሌሎቹ ከእሱ እንድንጠነቀቅ በጆሯችን ነገሩን። በየማለዳው ቢሮ ይጠሩታል፤ ጥቂት ቆይቶ ይመለሳል። «መድኃኒቴን የያዙት እነሱ ናቸው» ይላል። ማንም አላመነውም።

«ዛሬስ ሻዩ ስኳር ነበረው?» ይሉታል ሲመለስ።

«ለእናንተም አድርስ ብለውኝ ነበር፣ ረሳሁት።»

አይቆጣም። አለመቆጣቱ ይበልጥ አስጠረጠረኝ።

ምግብ ሲመጣ በሩ ላይ ጠባቂው ያመጣውን ሰው ያስቀምሰዋል። እናቴም በየቀኑ ለእኛ ቀምሳ ትመለስ ነበር። እኛም ይህን ደንብ ወደ ውስጥ አስገባነው። ነጋዴው ከምግቡ ሲያካፍለን መጀመሪያ እሱ ይቀምሳል።

ወንድሜ የአይሱዙ ሾፌር ነበር። ቤት ሳለንም ዳገት መሃል ቆሞ ደረቱን ይይዛል። ጨጓራ ነው ይልና ተልባ ይጠጣል። በዘጠነኛው ቀን ረፋድ ላይ ቁጭ ባለበት ላብ አጠመቀው። ግራ ክንዱን ያሻል፤ መንጋጋዬንም አመመኝ አለ።

ነጋዴው ከጥጉ ተነስቶ መጣ። «ጨጓራ መንጋጋ ድረስ አይወጣም፣ ልጄ። የእኔም እንዲህ ነው የጀመረው። ወደ ልብ የሚሄደው የደም ሥር ተዘግቷል አሉኝ።» ከሽርጡ እጥፋት በወረቀት የተጠቀለለች ክኒን አወጣ። «አስፕሪን ናት። ያኝካት።»

«መድኃኒትህ እነሱ ጋ አይደል? ይቺ ከየት መጣች?»

ሽማግሌውን አንተ ማለቴ ያኔ አልታወቀኝም።

«አንድ ቀን በጣቶቼ መሃል ደብቄ ወጣሁ።»

«ቅመሳታ።»

«አንድ ብቻ እኮ ናት።»

«ቅመሳት።»

በጥርሱ ገመሳት። ግማሿን አኝኮ ዋጠ፤ ግማሿን መዳፉ ላይ አድርጎ ዘረጋ። ወንድሜ እጁን ሰደደ። እኔ ቀድሜ ወሰድኳት። «ሰውየውን ምን እንደምታደርገው እንይ፣ ትንሽ እንቆይ» አልኩት። አየኝና እሺ አለ። ታናሹ ሆኜ ሳለሁ እሺ አለኝ።

ሌሎቹ በሩን ደበደቡ። ጠባቂው «ለጨጓራ በር አይከፈትም» አለ። እኔ ዓይኔን ከነጋዴው ላይ አላነሳሁም። ምንም አልሆነም። የወንድሜ ትንፋሽ ሲቆራረጥ ከእኔ ቀድሞ ያየውም እሱ ነው። አልፎኝ ሄዶ አጠገቡ ተንበረከከና ሊሞት ያለ ሰው የሚለውን ሸሃዳ ያስብለው ጀመር።

ሬሳውን ከወሰዱት በኋላ ምሳ ገባ። እናቴ የሆነውን ሳይነግሯት ለሁለታችን ቀምሳ ሄዳለች። የእሷን መንካት አቃተኝ። ነጋዴው የራሱን አቀረበልኝና እንደለመደው ሊቀምስ እጁን ሰደደ። አንጓውን ያዝኩት።

«ይቅር፣ አባባ። እኔ ልቅደም።»

ቆርሼ ጎረስኩ። ሁሉም ያዩኝ ነበር።

ከተፈታሁ በኋላ አንድ ሐኪም አስረዳኝ፤ የልብ ጡንቻ ደም ሲያጣ ይሞታል። ግማሽ ክኒን ታድነው ነበር ወይ ብዬ ጠየቅሁት። «እርግጠኛ መሆን አይቻልም። ከመጠበቅ ግን ትሻል ነበር» አለኝ።

ነጋዴው ጆሮ ጠቢ ይሁን አይሁን እስከ ዛሬ አላወቅሁም። ቢሮ ውስጥ ምን ይል እንደነበር አሁንም አስባለሁ። ግማሿ ክኒን በወረቀቷ ውስጥ እኔ ጋ አለች። በቀደም እናቴ ሳጥኔን ስታጸዳ አገኘቻትና ምንድን ናት አለችኝ።

የጨጓራ ናት አልኳት።