ለአያ ሙላት ውሻ ዋስ ሆንሁ

መጀመሪያ ያየነው ለሃጩን ነው። የአያ ሙላት ውሻ አንበሴ አፉ አልገጥም ብሎት፣ ለሃጩ እየተዝረበረበ፣ በፊት እግሩ ፊቱን ይቧጥጥ ጀመር። አያ ሙላት ቤት የለውም። ንፋስ መውጫ መናኸሪያ አጠገብ ከሱቄ ጎን ካለው በረንዳ ነው የሚያድር፤ ብርዱን ከውሻው ጋር አንድ ማዳበሪያ ተጋርተው ይገፉታል። ጊዜው ፋሲካ ካለፈ ሳምንቱ ነው፤ ሰፈሩ ቅርጫውን በልቶ አጥንቱን በየደጁ ጥሏል።

ወዲያው «አብዷል» ተባለ። መፍራታቸውን አልነቅፍም፤ ያበደ ውሻም አፉ ይንጠለጠላል። የሚያቅለሸልሸኝ ቀጥሎ ያደረጉት ነው። አያ ሙላት ለሕክምናው ቢለምን «ለውሻ ደግሞ ምጽዋት አለ እንዴ? ርኩስ» ያሉት ሁሉ፣ የሚገድል ሰው እንቅጠር ሲባል እጃቸው ኪሳቸው ገባ። መዋጮውን የያዙት የቅርጫው ሰብሳቢ ጋሽ አበረ ናቸው። እናንተዬ፣ ለማዳን የጠፋ ብር ለመግደል ከየት መጣ?

አያ ሙላት ውሻውን ከሱቄ ጓሮ አስሮት ነበር። ገዳዩ ቆመጥ ይዞ መጣ። አያ ሙላት የጓሮው በር ላይ ተቀመጠ። «መጀመሪያ እኔን» አለ። ድምፁን ከፍ አላደረገም።

ጋሽ አበረ «እንግዲያው ዋስ ይጥራ» አሉ፣ ዋስ የሚሆነው ሰው እንደሌለ እያወቁ። ሰው ሳቀ። ንዴቱ አናቴ ላይ ወጣ።

«ዋሱ እኔ ነኝ» አልሁ። «ሐኪም ይየው። አብዶ ከተገኘ የገዳዩን ዋጋ ከኪሴ እከፍላለሁ። ካልሆነ ይኼ መዋጮ ለሕክምናው ይውላል።»

እኛ አገር ዋስ ከቆመ በኋላ አልቀበልም ማለት ነውር ነው። እያጉረመረሙ ገዳዩን ከበሩ መለሱት።

የእንስሳት ሐኪሙ በባጃጅ መጣ። ወፍራም ጓንት አጠለቀ። ውሻውን ከሩቅ በገመድ አስይዞ ዛይላዚን የሚባል ማደንዘዣ ወጋው። ጠበቅን። ውሻው ተኛ። አፉ ተከፈተ። ሽታው መጣ። ገዳዩ ራሱ ዞር ብሎ አስመለሰው።

«አጥንት ነው» አለ ሐኪሙ።

የጎድን አጥንት ላንቃው ላይ ከመንጋጋ እስከ መንጋጋ አግድም ተሰንቅሯል። ዙሪያው መግሎ ትል ይርመሰመስበታል። ፎርሴፕስ በሚሉት መቆንጠጫ ነቀለው፣ ቁስሉን አጠበ፣ አንቲባዮቲክ ወጋው።

«ሬቢስ፣ የእብድ ውሻ በሽታው፣ የለበትም ብዬ ግን ገና አልምልም» አለን። «ታስሮ ክትትል ይደረግለት። ምራቁ የነካችሁ ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ ሂዱ።»

ጋሽ አበረ ብሩን ወረወሩልኝ እንጂ አልሰጡኝም። «አጥንቱ ከእኛ ቅርጫ ለመውጣቱ ምን ማስረጃ አለሽ?» አሉ ደግሞ። የትሉ ሽታ ከዚህ ይሻላል።

አንበሴ በታሰረበት ጓሮ መጀመሪያ ውሃ ብቻ ላፍ ላፍ ሲያደርግ ሰነበተ፤ ከዚያ አያ ሙላት ከየምግብ ቤቱ የለመነውን ፍርፋሪ በሾርባ እያራሰ ከሩቅ በእንጨት እየገፋ ሲያቀርብለት፣ ሐኪሙም እየተመላለሰ ሲወጋው፣ ሽታው እየጠፋ፣ ጅራቱ እየተወዛወዘ መጣ። ክትትሉ ሲያበቃ ጤነኛ ሆኖ ተገኘና ተከተበ።

ሐኪሙን እግዜር ይስጠው። ሲያመላልሰው ዋጋ ያልተቀበለኝን የባጃጅ ሹፌርም እንዲሁ። እንዲህ ያለ ነገር ደጃችሁ ቢመጣ አፍ ውስጥ እጃችሁን አትስደዱ። እኔ ውሃ ልጋተው ብዬ የተጫረ እጄን ምራቁ ነክቶኝ እኔም አያ ሙላትም ክትባቱን ስንወጋ ከረምን። ምራቅ ከነካችሁ በሳሙናና በብዙ ውሃ ታጥባችሁ ሐኪም ዘንድ ሩጡ። ቤት የሌለው ሰው እንስሳው ሲታመምበት ደግሞ የቆመጡን ዋጋ ከማዋጣታችሁ በፊት የመርፌውን አዋጡለት። አጥንታችሁንም ቅበሩ።

ሰሞኑን ሰፈሩን ሌባ ቢያስቸግር ጋሽ አበረ ወደ በረንዳው መጡ።

«አንተ ሙላት፣ ውሻህን ማታ ማታ እኔ ደጅ እሰረው።»

አያ ሙላት የአንበሴን ጆሮ እያሻሸ ነበር። «እሱ ንብረት ጠባቂ አይደለም፣ ጋሼ» አላቸው። «አብሮኝ የሚያድር እሱ ብቻ ነው።»

ጋሽ አበረ ነገሩ አልገባቸውም።

«እከፍልሃለሁ እኮ» አሉት።