ከፍርግርጉ ጀርባ ያለው ንጉሥ

ቅናተኛ ነኝ። ሚስቴ ይህን ከማንም ቀድማ ታውቃለች፤ እኔ ግን እስከዚያ የወረርሽኝ ዓመት ብርድ ድረስ ሌላ ስም እየሰጠሁት ኖሬያለሁ። አንዳንዴ ለሙያዬ ተቆርቋሪ ነኝ እላለሁ፣ አንዳንዴ ጥራት እወዳለሁ።

ጆሃንስበርግ ውስጥ ለሐበሻ ሰርግ ቪዲዮ የምቀርጽ ሰው ነበርኩ። ሁለት ካሜራ፣ ሦስት መብራት፣ ከመኪናዬ የማይወርድ አንድ ትልቅ ነጭ ጨርቅ ነበረኝ። የምንከራያቸው አዳራሾች ግድግዳቸው የተላጠ፣ መስኮታቸው በብረት የታጠረ ስለሆነ፣ ሙሽሮቹ ከመምጣታቸው በፊት ጨርቁን እሰቅልና አስቀያሚውን ሁሉ እሸፍናለሁ። አገር ቤት ያለች እናት የልጇን ሰርግ ስታይ ብረት ማየት የለባትም ብዬ አምን ነበር። ከዚያ ወረርሽኙ መጣ፣ ድግስ ተከለከለ፣ እኔም ፎርድስበርግ ባለው ቤቴ ሶፋ ላይ ተጎለትኩ።

ጓደኛዬ ግን ሥራ አልፈታም። ካትሌሆንግ በሚባል ሰፈር ውስጥ ስፓዛ አለው፤ እዚህ በየሰፈሩ ያለችውን ትንሽ ሱቅ ስፓዛ ነው የምንላት። በወጣትነቱ የትምህርት ዕድል አግኝቶ ቻይና አምስት ዓመት ተቀምጧል። የተማረውን ምሕንድስና ረስቶታል፤ ቋንቋውን ግን መኝታ ክፍሉ ውስጥ የነገሥታት ተከታታይ ድራማ እያየ ስለለመደው አብሮት ቀርቷል። ሱቁ እንደ ሌሎቹ ስፓዛዎች በብረት ፍርግርግ የታጠረ ነው። እሱ ከውስጥ ሆኖ ዳቦውንና ወተቱን በአንዲት ቀዳዳ ያቀብላል። አንድ ቀን ብርድ ልብስ እንደ ካባ ደረበ፣ የእንቁላል ካርቶን እንደ ዘውድ ጭንቅላቱ ላይ ደፋ፣ ስልኩን ውጭ በተደረደረው የዳቦ ሳጥን ላይ በሰርዲን ጣሳ አስደግፎ፣ በእነዚያ ድራማዎች የሚያሾፍ ቪዲዮ ሠራ። የለጠፈውም ቻይናዎች በሚያዩት ገጽ ላይ ነው።

ንጉሠ ነገሥቱ ከፍርግርጉ ጀርባ ተኮፍሶ ተቀምጧል። ሰፈሩ በሙሉ ጎጎ፣ አያቴ ማለት ነው፣ የሚላቸው አሮጊት ደንበኛው ውጭ ቆመው፣ በዙሉ ቋንቋ አንድ ፍሬ ሲጋራ ይለምናሉ። ያን ጊዜ ሲጋራ መሸጥ በመንግሥት ተከልክሎ ነበር። ንጉሡ በቻይንኛ ረጅም አዋጅ ያነባል፤ ለሰው ሁሉ መውጫና መግቢያ ይወስናል፤ እሱ ራሱ ግን ከብረቱ መውጣት አይችልም። መጨረሻ ላይ ስልኩ ተንሸራቶ ወደቀና ጣሪያው ታየ። ጓደኛዬም ጣሳውን አንሥቶ ለተመልካቹ እያሳየ፣ ካሜራማኔ ደክሞታል አለ።

እዚያ ገጽ ላይ አስተያየት ከሥር አይሰፍርም። እያያችሁ ሳለ በምስሉ ላይ ከቀኝ ወደ ግራ እየሮጠ ያልፋል። የጓደኛዬ ፊት በፊደል ጎርፍ ተሸፈነ። ሚስቴ ከቋንቋው አንድ ቃል ሳታውቅ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች፤ ደግማም አየችው። እኔ የሠራኋቸውን ሰርጎች አንዱንም እስከ መጨረሻው አይታ አታውቅም፣ ራሴ ያቀናበርኩትን የእኛን ሰርግ እንኳ።

ፊቱ ላይ ጥላ ወድቋል እኮ አልኳት።

«ይሁን፣ ግን ያስቃል» አለችኝ።

ሳምንቱን ሙሉ ስለዚያ ጥላ አወራሁ። በመጨረሻ ደወልኩለትና፣ ለእሱ ያሰብኩ አስመስዬ፣ ቀጣዩን እኔ ልቅረጽልህ አልኩት። እንዳንተ ያለ ባለሙያ ከየት አገኛለሁ ወንድሜ አለኝ። ይሉኝታ ይሁን እውነት አልመረመርኩም።

ሄጄ መብራቶቼን ተከልኩ። ፍርግርጉ ዝጓል፣ እዚህም እዚያም በሽቦ ተጠግኗል፣ የተቀደደ የሞባይል ካርድ ማስታወቂያ ተለጥፎበታል። ሳላስበው እጄ ጨርቁን ከመኪናው አወጣ። ብረቱን ከጫፍ እስከ ጫፍ ነጭ አለበስኩትና ንጉሡን አውጥቼ እንደ ሙሽራ ከፊቱ አስቀመጥኩት። ጓደኛዬ ጨርቁን አየ፣ እኔን አየ፣ ዘውዱን አስተካክሎ ተቀመጠ። ሱቁ የት ገባ ብለው የጠየቁት ጎጎ ብቻ ናቸው።

ምስሉ ጥርት ብሎ ወጣ። ፊደሎቹ ግን አልጎረፉም፤ አልፎ አልፎ ይመጣሉ። ምን ይላሉ ስለው ስልኩን ወደ ራሱ ሳብ አድርጎ፣ ብርሃኑን ወደውታል አለኝ። አመንኩት። ሚስቴ አየችውና ቆንጆ ነው ብላ ወደ ሥራዋ ሄደች።

የተጻፈልኝን ሙገሳ በራሴ ዓይን ላንብብ ብዬ የቻይንኛ ጽሑፍ ወደ እንግሊዝኛ የሚመልስ አፕ ስልኬ ላይ ጫንኩ። አንዱ «ንጉሡን ማን ፈታው?» ይላል። ሌላው «ብረቱን መልሱልን» ይላል። ከሁሉ የበዛው ግን «አዲሱን ካሜራማን አባሩት፣ የድሮው ይመለስ» የሚል ነው።

የድሮው ያ ጣሳ ነው። አሥራ አንድ ዓመት ሰርግ ቀርጬ በሰርዲን ጣሳ ተበለጥኩ።

ተናደድኩ፣ አፈርኩም። ከሁሉ የሚያሳፍረኝ ግን ገና ፊደሎቹ ሳስተው ሲመጡ፣ የጓደኛዬ ቪዲዮ አለመወደዱ በልቤ ደስ ብሎኝ እንደነበር ያኔ ማወቄ ነው። ጓደኛዬ ቀኑን ሙሉ ከዚያ ብረት ጀርባ ተዘግቶበት ይውላል፤ የሚስቅባት ሰዓት ቪዲዮ የሚሠራባት ብቻ ናት። እሷን አበላሸሁበት፣ እሱ ደግሞ እኔ እንዳይከፋኝ ብሎ ዋሸ። አሁን በዚህም ቀናሁበት፤ እኔ ብሆን እውነቱን ደስ እያለኝ ነበር የምነግረው።

ቅዳሜ ካሜራውንም ጨርቁንም ቤት ትቼ ሄድኩ። ካባውን ደርቦ ከፍርግርጉ ጀርባ ተቀምጧል። መብራቶቹስ አለኝ። በቀዳዳዋ እጄን ሰድጄ ሰርዲን ስጠኝ አልኩት፣ ቀጥዬ ስልኩን ተቀበልኩት። ጣሳውን የዳቦ ሳጥኑ ላይ የድሮ ቦታው አስቀምጬ ስልኩን አስደገፍኩበት፤ ጥላው ፊቱ ላይ እስኪወድቅ ድረስም ትንሽ አዞርኩት። አስተያየቶቹን እንዳነበብኳቸው ገባው። ሁለታችንም ስለ ብርሃኑ አላነሣንም። ጎጎ ጉልበታቸውን አሟቸው አልመጡም ነበር።

«ታዲያ ሲጋራውን ማን ይለምን?» አልኩት።

«ተንበርከክ» አለኝ።

ተንበረከክኩ። ቪዲዮው በወጣ ማግስት ፊደሎቹን አንድ በአንድ በአፑ አነበብኳቸው። ስለ ንጉሡ ብዙ ጽፈዋል፣ ጣሳውንም እንኳን ተመለስክ ብለውታል። ስለ እኔ የጻፈው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ «ይሄ ለማኝ የምሩን ነው የሚለምነው» ይላል።