የእናት መቃብርን የጣሊያን ምሽግ ያልኩበት ቀን

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለባለቤቴም አልነገርኳትም። በጸሎት ጊዜ እንኳ ዙሪያውን እዞረዋለሁ እንጂ በስሙ ጠርቼው አላውቅም። አንባቢዬ፣ የምናዘዘው ለአንተ ነው፤ እስክጨርስ ታገሠኝ።

ከአራተኛ ክፍል በላይ አልተማርኩም። ግን ሀዋሳ ውስጥ እንደ እኔ ያነበበ አናጺ ፈልገህ አታገኝም። እንግሊዝኛን ከመዝገበ ቃላት፣ ጣሊያንኛን ከአንድ ሽማግሌ መካኒክ ለቅሜ ተማርኩ። ዲግሪ ያላቸው ሰዎች ክርክር ሲገጥማቸው ወደ እኔ ይመጣሉ። ይህን የምለው ለመመካት አይደለም። እሺ፣ ለመመካትም ነው። በዚህ ዕድሜዬ ሌላ ምን አለኝ?

ሐይቁን ቁልቁል የሚያየውን የኮረብታውን መናፈሻ የሀዋሳ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ታሪክ ያለው ቦታ ነው። ለከተማው እንግዳ በመጣ ቁጥር ይዤ የምወጣው እኔ ነበርኩ፤ ማንም ሳይሾመኝ አስጎብኚ ሆንኩ። መናፈሻው ሊታደስ ሲል አንድ የዩኒቨርሲቲ መምህር የቦታውን ታሪክ የሚገልጽ ሰሌዳ ሊያዘጋጅ ተማሪዎቹን አስከትሎ መጣ። «ጋሼ፣ ከእርስዎ የተሻለ የሚያውቅ የለም ብለውኛል» አለኝ። ያለ መጠጥ ሰከርኩ።

ከአንድ ትልቅ ግራር ሥር በክብ የተደረደሩ ድንጋዮች ነበሩ። አንዲት ተማሪ «ጋሼ፣ እነዚህስ ምንድን ናቸው?» ብላ ጠየቀችኝ። አላውቅም ማለት ነበረብኝ። አንዲት ቃል ናት። እኔ ግን «የጣሊያን ጦር የጥበቃ ምሽግ ነበር» አልኳት። ከየት አመጣሁት? ከየትም። ሁሉም ደብተራቸው ላይ ጻፉ፤ ሲጽፉ ማየት ደስ አለኝ።

አቶ ላሚሶ ከኋላችን ቆመው ይሰሙ ነበር። ከተማው ሳይሰፋ በፊት ጀምረው ከኮረብታው ግርጌ ከብት እያረቡ የኖሩ የሲዳማ ሽማግሌ ናቸው። በየዓመቱ የሲዳማ ዘመን መለወጫ የሆነው የፍቼ በዓል ጉዱማሌ አደባባይ ላይ ተከብሮ ሲያበቃ ብቻቸውን ወደ ላይ ሲወጡ አያቸው ነበር። ለምን እንደሚወጡ አንድም ቀን ጠይቄአቸው አላውቅም።

«ጣሊያን አይደለም» አሉ። «እናቴ ነው። እዚህ ነው የቀበርነው። እኔ ያኔ ልጅ ነኝ።»

ሁሉም ዞረው አዩን። እኔም «አቶ ላሚሶ፣ መጀመሪያ አማርኛውን ያስተካክሉ፤ ታሪኩን ከዚያ በኋላ እናስተካክላለን» አልኳቸው። ተማሪዎቹ ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ሀዋሳ ውስጥ ዕድሜዬን ሙሉ ኖሬ በሲዳምኛ ከገበያ ሰላምታ የማላልፍ እኔ፣ በሰው አማርኛ ሳቅሁ።

ሽማግሌው አልተቆጡም። ጎንበስ ብለው ርጥብ ሣር ነጩና በሁለት እጃቸው ይዘው ፊቴ ቆሙ። በእኛ አካባቢ ሽማግሌ ርጥብ ሣር ይዞ ከለመነህ ትቆማለህ፤ ደም የተቃባ እንኳ ይቆማል። ይህን አላውቅም ነበር ልበል? አውቅ ነበር። «ሣር ማስረጃ አይሆንም» ብዬ በጎናቸው አለፍኩ።

መምህሩ ጥቂት ራመድ ብሎ ቆመና ድምፁን ቀነስ አደረገ። «ጋሼ፣ እርግጠኛ ነዎት?»

«መጽሐፍ ላይ አንብቤዋለሁ» አልኩት፣ ሁሉም እንዲሰማኝ ጮክ ብዬ።

የትኛው መጽሐፍ? እንዲህ ያለ መጽሐፍ አልነበረም። የዋሸሁት ያኔ ነው። የመጀመሪያውን ችኮላ በለው፤ ይህኛውን ግን አስቤበት ዋሸሁ።

ሰሌዳው ተተከለ። ድንጋዮቹ እንዳይፈርሱ ተብሎ በሲሚንቶ ተያያዙ። አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ሙሽሮች ከነሚዜዎቻቸው ላያቸው ላይ ቆመው ፎቶ ይነሣሉ። አቶ ላሚሶ ከዚያ ቀን ወዲህ ወደዚያ ግራር ሲሄዱ አላየኋቸውም። ተቀይመው ነው ብዬ ነበር። ቢቀየሙኝ ምንኛ በተሻለኝ!

አምና ዐረፉ። ለቅሶ ልደርስ ሄድኩ። ባህል አዳራሽ አካባቢ ልብስ የምትሰፋው ልጃቸው ከመቀመጫዋ ተነሥታ በአክብሮት ተቀበለችኝ። «ጋሼ፣ አባባ ስለ እርስዎ ያወራ ነበር» አለችኝ። አንገቴን ደፋሁ። «‹እሱ የተማረ ሰው ነው፣ መጽሐፍ ላይ አይቶታል። እኔ ልጅ ስለነበርኩ ቦታው ጠፍቶብኝ ይሆናል› ይል ነበር። ኋላ ኋላ ከዘራውን ይዞ በኮረብታው ማዶ ሁሉ እናቱን ሲፈልግ ይውል ነበር። ሳያገኛት ሞተ።»

ያን ጊዜ መናገር አልነበረብኝም? ነበረብኝ። «እግዚአብሔር ያጽናሽ» አልኳትና የሰጠችኝን ውኃ ጠጥቼ ወጣሁ።

ወጣት ነበርኩ አልልህም፤ ያኔም ፀጉሬ ሸብቷል። ተሳስቼ ነው አልልህም። ማንም አላስገደደኝም። አንድ ሰው እናቱን የቀበረበትን ቦታ እንዲጠራጠር ያደረግሁት፣ አዋቂ ነው መባሉ እንዳይቀርብኝ ብዬ ነው። ድንጋዮቹ የጣሊያን አይደሉም። የአቶ ላሚሶ እናት መቃብር ናቸው። በዚያ ሰሌዳ ላይ የቆመው ውሸት የእኔ ነው።

አዲስ ሰሌዳ በገዛ እጄ ልሠራ ሳንቃ ላግኩ። ብሩሽ ይዤ ስቀመጥ የእናታቸውን ስም እንደማላውቅ ገባኝ። የምታውቀው ልጃቸው ናት። ስሙን ልጠይቃት ከሄድኩ ለምን እንደፈለግሁት መንገር ሊኖርብኝ ነው። ቤቷ በባጃጅ አሥር ደቂቃ አይሞላም። ሳንቃው ምንም ሳይጻፍበት ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል፤ እኔም እስከ ዛሬ አልሄድኩም።