ሞጣ ላይ የነፈግነው «አሜን»

ብቸና፣ ንጋት 12 ሰዓት

መናኸሪያውን ጉም ሸፍኖታል። እትዬ የሺ ልጃቸውን ቤዛን በጋቢያቸው ከልለው ከሞጣው ሚኒባስ አጠገብ ቆመዋል። ቤዛ አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። ኦቲዝም አለባት፣ አትናገርም፤ ጣቶቿን ከዓይኗ ፊት ታርገበግባለች። እትዬ የሺን «እግዜር ይማርልዎት» አልኳቸው።

«ከምኑ? ጉንፋን እንኳ የለባት።»

ጆሮዬ ድረስ ጋለኝ። ዩኒቨርሲቲ የጨረስኩት እኔ ጤነኛዋን ልጅ በሽተኛ አደረግኋት።

እትዬ የሺ በርበሬና ሽሮ ሻጭ ናቸው። ማንም ሳይከፍላቸው ሱቃቸውን እየዘጉ፣ እንደ ቤዛ ያለ ልጅ ላላቸው ወላጆች ይሟገታሉ። እኔ ላግዛቸው አብሬያቸው ስወጣ ዛሬ የመጀመሪያዬ ነው። የምንሄደው ለሰባት ዓመቷ ሐያት ነው፤ የሞጣው ጨርቅ ነጋዴ የአቶ ሰይድ ልጅ ናት። ትምህርት ቤቱ ሁለት ጊዜ መልሷታል። ምዝገባው ዛሬ ያበቃል።

ደብረ ወርቅ፣ 1 ሰዓት ተኩል

መንገዱን የዘጋ የከብት መንጋ። ሾፌሩ ክላክሱን አንባረቀው፤ ቤዛ ጆሮዋን ይዛ ጮኸች።

«ጠበል አልወሰዷትም እንዴ?» አለ ከኋላ አንድ ሰውዬ።

«ወስጃታለሁ። ጠበሉ ክላክስ አያስቆምም» አሉ እትዬ የሺ። ከዚያም ለሾፌሩ፣ «ልጄ፣ ክላክሱን ተወው፤ እኔ እጮህልሃለሁ።»

ከዚያ በኋላ ከብት ባየ ቁጥር «እናቴ፣ ተራዎ ነው!» ይላል። እሳቸውም አንገታቸውን በመስኮት አውጥተው «ዞር በል!» ይላሉ። የእናቷ ድምፅ ቤዛን አያስደነግጣትም፤ እንዲያውም ያስቃታል።

ሞጣ፣ 4 ሰዓት

አቶ ሰይድ ሐያትን ይዘው ትምህርት ቤቱ በር ላይ ጠበቁን። እሷ የለስላሳ ቆርኪዎቿን በቀለም ለይታ መሬት ላይ ትደረድራለች።

«መዝጋቢው ሁለቴም "አላህ ይማራት፣ ሲሻላት አምጣት" አለኝ። "አሚን" ብዬ ወጣሁ። ለምርቃት ሌላ ምን ይመለሳል?» አሉ አቶ ሰይድ።

«ዛሬ "አሚን" እንዳይሉ» አሉ እትዬ የሺ። ወደኔ ዞረው፣ «አንቺም!»

ተያይዘን ገባን። መዝጋቢው መምህር ክፉ ሰው አይመስልም። ሐያትን በሐዘኔታ አይቶ «ይማራት» አለ። ዝም አልን። መልሱን ጠበቀ። «አሜን» ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር፤ ዋጥኩት።

«ይማራት እኮ ነው ያልኩት።»

ሰው ፊት መናገር አልችልም፤ ግን ከአፌ አመለጠኝ፦ «መምህር፣ አልታመመችም። "ይማራት" አይበሉ፤ "ትማር" ይበሉ።»

ቀና ብሎ አየኝ። «ማነው የሚይዛት?»

«እኔ ሐሙስ ሐሙስ ከብቸና እየመጣሁ ከመምህሯ ጋር እቀመጣለሁ» አሉ እትዬ የሺ። «ሌላውን ቀን አባቷ።»

መምህሩ መዝገቡን ገልጦ በእርሳስ «ሐያት ሰይድ» ብሎ ጻፈ።

«ለሙከራ ነው።»

እትዬ የሺ ከቦርሳቸው እስክሪብቶ አውጥተው መዝገቡ ላይ አስቀመጡ። «የሌሎቹ ልጆች በእርሳስ ነው የተጻፉት?»

እስክሪብቶውን አንስቶ በእርሳሱ ላይ ደገመበት። ሲጨርስ ትንሽ ፈገግ አለ። «እሺ። ትማር።»

አቶ ሰይድ «አሚን!» አሉ፣ እኛ «አሜን!» አልን፤ ጩኸታችን ቤዛን ጆሮዋን አስያዛት።