የወንድሜ ድምፅ በስድስት ቮልት

ብሔራዊ ውትድርና የሄደው ወንድሜ ከሰሜን ግንባር ድምፁን በካሴት ቀድቶ ላከልን፤ ለዕረፍት የመጣ ጓደኛው ደባርቅ ድረስ አደረሰልን። በቴፓችን ስንከፍተው ድምፁ ይጎተታል፣ ይንቀጠቀጣል። እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ፣ "ልጄ ታሟል፤ ደብቆኝ ነው። ድምፁ እንዲህ አልነበረም" አለች። ሁለት ቀን እህል አልቀመሰችም።

እኔ ያኔ ሳይንስ ማስተማር ከጀመርሁ ገና ዓመት አልሞላኝም፤ ለሁሉም ነገር መልስ ያለኝ ይመስለኝ ነበር። "እማዬ፣ የታመመውስ ቴፑ ነው!" አልኋት። "የባትሪ ድንጋዩ ደክሟል። ቆይ አሳይሻለሁ።"

ደብተር አወጣሁና ወንድሜ የተናገረውን ቃል በቃል ጻፍሁ። ካሴቱን በከፈትሁ ቁጥር ድምፁ ከተንቀጠቀጠበት ቃል ሥር አሰምራለሁ። መንቀጥቀጡ ቦታ ከቀያየረ ጥፋቱ የኃይሉ ነው፤ ካንድ ቃል ላይ አልነሣ ካለ ግን የወንድሜ ነው።

መጀመሪያ ድንጋዮቹን ቆርቆሮ ላይ ፀሐይ አሰጣኋቸው። ትንሽ ነፍስ ዘሩና "እንዴት ናችሁ" ላይ ሲደርሱ መልሰው ለገሙ። ቀጥሎ ቴፑን ታቅፌ ወፍጮ ቤት ሄድሁ፤ በሞተሩ የምትዞር ስድስት ቮልት የምትሰጥ ትንሽ ዲናሞ ነበረች፤ ቴፑን ከሷ ላይ ቀጠልሁት። ወፍጮኛው እህል ባፈሰሰ ቁጥር ወንድሜ እንደ ሽማግሌ ያጉረመርማል፣ እህሉ ሲያልቅ እንደ ሕፃን ይንጫጫል! ወረፋ የያዙት ሴቶች በሳቅ ፈረሱ፤ እኔ ደግሞ ከነሱ ብሼ ሳቅሁ። መስመሮቼ በየዙሩ ከቃል ቃል ይዘላሉ። ደስታዬን መቻል አቃተኝ።

ቅዳሜ ከአምባ ጊዮርጊስ ገብስ ጭኖ የመጣ ሾፌር ሊማሊሞን ከመውረዱ በፊት ምሳ ሊበላ ቆመ። ለምኜ ለምኜ የመኪናውን ባትሪ አስከፈትሁት። ከባትሪው ስድስት ክፍሎች ሦስቱን ብቻ በሽቦ ያዝሁ፤ ስድስት ቮልት፣ ለቴፑ ልክ።

"መኪናዬን ብታቃጥይ አንችን ነው ጭኜ የምሄድ" አለኝ እየሳቀ።

እናቴን እጇን ይዤ አመጣኋትና ካሴቱን ከፈትሁት። ወንድሜ ተናገረ! የራሱ ድምፅ፣ ቀጥ ያለ፤ ከኋላው የጓደኛው ክራር ጥርት ብሎ ይሰማል። "ይኼው እማዬ! ይኼው!" እያልሁ ዘለልሁ። ሾፌሩ አጨበጨበልኝ።

እናቴ ግን ጆሮዋን ወደ ቴፑ አስጠግታ ታዳምጣለች። "መልሽው እስቲ" አለች። መለስሁት።

"አሁንም።"

በሦስተኛው እኔም ሰማሁት። "እኔ ደህና ነኝ፣ አታስቢ" ሲል ድምፁ ይንቀጠቀጣል። ክራሩ ንቅንቅ አላለም። ደብተሬን ገለጥሁ። ሌሎቹ መስመሮች በየዙሩ ቦታ ቀያይረዋል፤ "ደህና" የምትለው ቃል ሥር ግን በድንጋዩም በወፍጮውም፣ አንድም ዙር ሳልስት፣ በገዛ እጄ አስምሬ ነበር። ከደስታዬ ብዛት አላየሁትም።

እናቴ ነጠላዋን አስተካክላ ተነሣች።

"ቴፑስ ድኗል ልጄ" አለችኝ። "እግዜር ይስጥሽ።"