የአጁሉ ቴስት

አጁሉ የኮምፒውተር ፕሮግራም መጻፍን ማንም ተቀምጦ አላስተማራትም። ጋምቤላ ከተማ ባለ አንድ የእርዳታ ድርጅት መረጃ መዝጋቢ ሆና ገባች፤ ከዚያ በኋላ ስልኳ ላይ እያነበበች፣ እየሞከረች፣ እየተበላሸባትም እንደገና እየጀመረች ለመደችው። የአኙዋ ልጅ ናት። አማርኛን የለቀመችው ከትምህርት ቤትና ከገበያ ስለሆነ፣ ስትቸኩል ሴቱን በወንድ፣ ወንዱን በሴት ትጠራለች። አለቃዋ አቶ ሰብስቤ ይህችን አያልፏትም። ስብሰባ ላይ አፏ ሲያዳልጣት ደግመው ይሉላትና ቢሮው በሳቅ ይፈርሳል። እሷም አብራ ትስቃለች። ሌላ ምን ታድርግ?

በኩሌ መጠለያ ላሉ ስደተኞች ቀለብ የሚታደልበትን የኮምፒውተር ፕሮግራም የሚንከባከቡት እሷና ፍርዶስ ነበሩ። የፍርዶስ አያቶች በሰባ ሰባቱ ድርቅ ከወሎ መጥተው አቦቦ የሰፈሩ ናቸው። ሁለቱ ሴቶች ምሳቸውን ከአንድ ሳህን ይበሉ ነበር።

ፕሮግራሙ ግን አንዱን ሲጠግኑት ሌላው የሚፈርስ ነገር ሆነባቸው። የዘይቱን ስሌት ሲያስተካክሉ የመንታ እናት የአንድ ልጅ እናት ሆና ትወጣለች። ስህተቱ የሚታወቀው ደግሞ ሰዉ ኩሌ ላይ ተሰልፎ ሲጮህ ነው። አጁሉ መፍትሔውን አንብባ አገኘችው፤ ቴስት የሚባል ነገር። ለእያንዳንዷ የፕሮግራም ቁራጭ አንድ ጥያቄ ከነመልሱ አስቀድሞ ይጻፋል። አምስት ሰው ያለበት ቤት የስንት ሰው ቀለብ ያገኛል? የአምስት። ፕሮግራሙ በተነካ ቁጥር ኮምፒውተሩ ጥያቄዎቹን ሁሉ ራሱ ይጠይቃል። መልሱ ከገጠመ አረንጓዴ፣ ካልገጠመ ቀይ ያሳያል።

ይህን የሚያደርገውን፣ ፍሬምወርክ የሚሉትን መሣሪያ መጫን ግን እንደ ወሬው አልቀለላትም። ኔትወርኩ ዳውንሎዱን እመንገድ ላይ እየጣለ ስላስቸገራት አዲስ አበባ ያለች ዘመዷን በፍላሽ አስልካ አመጣችው። ደግሞ የቢሮው ኮምፒውተር ላይ ያለው ፓይተን፣ ፕሮግራሙ የተጻፈበት ቋንቋ፣ አሮጌ ነውና አልቀበልም አላት። እሱን ብታድስ የእደላው ፕሮግራም ራሱ ሊቆም ነው። ስለዚህ አሮጌውን ሳትነካ፣ ለብቻው አዲስ ፓይተን ያለበት ሌላ ቦታ ከፍታ ፍሬምወርኩን እዚያ ጫነችው። አሁንም «ምንም ቴስት አላገኘሁም» አላት። ለካ የፋይሉ ስም ቴስት ብሎ ካልጀመረ ዞር ብሎ አያየውም። ስሙን ቀየረች። መሥራቱን ለማረጋገጥ መጀመሪያ ሆን ብላ የተሳሳተ መልስ ሰጠችው፤ ቀይ ሆነ። አረመችው፤ አረንጓዴ ሆነ። ብቻዋን ሳቀች።

«ምን አገኘሽ?» አለች ፍርዶስ።

«የማይዋሽ ሰው።»

አቶ ሰብስቤ ከበሩ ላይ ሆነው፣ «ጄኔሬተር የምናስነሳው ለዚህ የልጅ ጨዋታ ነው?» ብለው አለፉ።

ቴስቶቹ እየበዙ፣ አረንጓዴ በአረንጓዴ እየሆኑ ሄዱ። አንድ ቀን አጁሉ እናት የሞተችበትን ቤት ጻፈች፤ አያቲቱ የቤቱ ኃላፊ ትሆናለች፣ አራት የልጅ ልጆች አሏት፣ መልሱ አምስት። ኮምፒውተሩ ቀይ አሳየ። ፕሮግራሙ ያወጣው ዜሮ ነበር። ቤተሰቡ በሟቿ ስም ስለተያያዘ የእሷ መዝገብ ሲዘጋ የሁሉም አብሮ ይዘጋል።

ሮጣ ሄደች። «አቶ ሰብስቤ፣ ከባድ ስህተት አለ። እናት ከሞተ አሮጊቷም ዜሮ ይሆናል!»

«ይሆናል ወይስ ትሆናለች?»

«አምስት ነው መውጣት ያለበት» አለች።

«ነገ ከዋናው መሥሪያ ቤት እንግዶች ይመጣሉ» አሉ። «ይሄን ቴስትሽን ሊያዩ ነው። ቀይ እንዳላይ።»

«ትንሽ ቀን ይስጡኝ፣ ፕሮግራሙን አስተካክላለሁ።»

«ቀን የለኝም። መልሱ ዜሮ ነው ብለሽ ጻፊና አረንጓዴ ይሁን።»

«እሱ ልክ አይደለም።»

«ያንቺን አማርኛ ልክ ነው ብለን ተቀብለን የለ እንዴ?»

«እኔ አልጽፍም» አለች አጁሉ።

ፍርዶስን ጠሯት። የፍርዶስ ኮንትራት ሊያልቅ ተቃርቦ ነበር። የአጁሉ ወንበር ላይ ተቀመጠች፣ አምስትን አጠፋች፣ ዜሮ ጻፈች። አቶ ሰብስቤ ሲወጡ፣ «ወላሂ ለነገ ብቻ ነው። እንመልሰዋለን» አለቻት፤ ቀና ብላ ግን አላየቻትም።

በማግስቱ እንግዶቹ ከዳር እስከ ዳር አረንጓዴ አይተው አጨበጨቡ። አቶ ሰብስቤ ሐሳቡ የራሳቸው እንደነበር ተናገሩ። እንግዶቹ እንደሄዱ ፍርዶስን «የሚሠራ ነገር አይነካም» ብለው አስጠነቀቋት። አጁሉን «ንጹሕ አየር ያስፈልግሻል» ብለው ኩሌ፣ የእደላው መስኮት ላይ መደቧት።

ኛኬር የመጣችው እዚያ መስኮት ነው። በዕድሜ የገፋች የኑዌር ሴት ናት፤ ልጇ ሞታ አራት የልጅ ልጆች ቀርተውላታል። አጁሉ ካርዷን ስታስገባ ዜሮ ወጣ። ያን ዜሮ ከነአባቱ ታውቀዋለች። ለመጋዘን ጠባቂው፣ ስህተቱ የኮምፒውተሩ ነው፣ ስጣቸው አለችው። ኮምፒውተሩ ካላለ አንድ ጣሳ አልሰፍርም አለ። አቶ ሰብስቤ ጋ ደወለች።

«ቴስቱ አልፏል አይደል?» አሉና ዘጉት።

ኛኬር በዝግታ አንድ ነገር ተናገረች። አስተርጓሚው ሆት ወደ አማርኛ መለሰው፦ «ልጄ ስለሞተችብኝ ነው የምትቀጡኝ? ትላለች።»

አጁሉ ካርዱን እንደገና አስገባች፤ አሁንም ዜሮ። ከልጅ ልጆቿ ትንሿ ከሰው ጆንያ የፈሰሰውን ማሽላ ከነአፈሩ እየለቀመች በቀሚሷ ትይዛለች።

ለሚቀጥለውም እደላ ዜሮ ወጣ። አጁሉ ከራሷ ቤት ዱቄት አምጥታ ነበር፤ ለአምስት ሰው የት ይደርሳል! ከዚያ በኋላ ባለው እደላ ኛኬር ሦስት ልጆች ብቻ አስከትላ መጣች። አጁሉ ስለ ትንሿ አልጠየቀችም። ሆት ግን ሳይጠየቅ ነገራት።

ያን ዕለት ከኩሌ ሳትወጣ ዋናው መሥሪያ ቤት ደወለች። ስቴፈን የሚባል ባለሙያ ላኩ። ፕሮግራሙን ከፈተ፣ ቴስቶቹን አየ፣ ዜሮዋ ላይ ሲደርስ ቆመ።

«ይሄን ማን ጻፈው?»

«አጁሉ ናት» አሉ አቶ ሰብስቤ ሳያቅማሙ። «ቴስት የሚባል ነገር እዚህ ያመጣችው እሷ ናት።»

«እኔ አምስት ነው የጻፍኩት! ፍርዶስ፣ ንገሪው!»

ፍርዶስ ስልኳን ትነካካ ነበር። «እኔ ቴስት ላይ አልሠራሁም» አለች።

ስቴፈን ክፉ ሰው አልነበረም። ቀስ ብሎ አስረዳት። እንዲህ ያለ ቴስት በስህተት አይጻፍም፣ ዜሮ እንደሚወጣ የሚያውቅ ሰው ነው የሚጽፈው አላት። የደወልኩት እኮ እኔ ነኝ ብትለው፣ «ሰው ሲሞት ደነገጥሽ» አላት። ተቆጥታ ልትመልስለት አማርኛው አፏ ውስጥ ተተረማመሰባት። አቶ ሰብስቤ ሊስቁ ሲሉ ስቴፈንን አይተው ተዉት። አጁሉ ከሥራ ተባረረች። የኩሌን ልጆች በረሃብ የገደለች ሴት ተብላ ስሟ ከተማውን ዞረ፤ ቤተ ክርስቲያን አጠገቧ ይቀመጡ የነበሩ ሴቶች እንኳ ወንበር ቀየሩ።

አሁን ባሮ ዳር አንዲት ፎቶ ኮፒ ቤት ውስጥ ማመልከቻ ትተይባለች። በቀደም ስልኳ ጠራ። ፍርዶስ ናት፤ ኃላፊ ሆናለች። አዲስ ኮምፒውተር መጥቶላቸው የእደላውን ፕሮግራም ከነአሮጌ ፓይተኑ ቢያዛውሩበትም ፍሬምወርኩ አልጫን ብሏታል፤ ስቴፈን ደግሞ ያለ ቴስት እደላ የለም ብሏል።

«እባክሽ እህቴ፣ እንዴት ነበር ያደረግሽው?»

አጁሉ ልትዘጋው ጣቷን አነሳች። «ኛኬር ቀለብ ታገኛለች?» አለች።

«አሁንማ ተስተካክሏል። አራት ብሎ ይወጣል።»

አራት። አያቲቱና ሦስቱ። አጁሉ ስልኩን ከጆሮዋ አራቀች፤ ፍርዶስ «ሃሎ? ሃሎ?» ትላለች። ማመልከቻ ሊያስጽፍ የመጣው ሰውዬ እየጠበቃት ነበር። እንዲታገሳት በእጇ ምልክት አሳየችው።

«ጻፊ» አለች ስልኩን ወደ ጆሮዋ መልሳ። «መጀመሪያ አሮጌውን ሳትነኪ ለብቻው ቦታ ክፈቺለት።»

እስከ መጨረሻው ነገረቻት። ፍርዶስ አረንጓዴ መጣልኝ ብላ እልል አለችና ዘጋችው። አጁሉ ወደ ሰውዬው ዞራ ስሙን ጠየቀችው።