የጋሽ በርጋ ፍራሽ

ጠዋት ተራዬን ልረከብ ስገባ የጋሽ በርጋ ፍራሽ ተጠቅልሎ አልጋው ባዶውን ቀርቷል...

ክው አልኩ። የደርግ ጊዜ ነው፤ መርካቶ ጥግ ባለ አንድ ሆስፒታል ውስጥ ጀማሪ ነርስ ነኝ። እኛ ዘንድ ጠዋት ፍራሽ ተጠቅልሎ ከታየ በሽተኛው አርፏል ማለት ነው። ጋሽ በርጋ ደግሞ የሸማ ተራ ነጋዴ ናቸው፤ በሳንባ ምች ተኝተው ገና ማገገም መጀመራቸው ነበር። ክፍሉን በሙሉ በቀልድ የሚያስቁ ሰው!

ሌሊቱን ተረኛ የነበረችው ሮሳ የምትባል ኩባዊት ነርስ ናት። እሷ አማርኛ የላት፣ እኔ ስፓኒሽ የለኝ፤ ርክክባችን ግማሹ በእጅ ነው። ሌላ ቀን ቢሆን እንደምንም ብዬ እጠይቃት ነበር። ግን የጋሽ በርጋ ልጅ አልማዝ የአባቷን ቁርስ ይዛ አጠገባችን ቆማለች። ልጅ ፊት «ሞቱ እንዴ?» ተብሎ ይጠየቃል? ኧረ አይጠየቅም!

በዓይኔ ብቻ ወደ አልጋው ጠቆምኩ። ሮሳ ዓይኗ ደም መስሏል... አንገቷን ነቀነቀች፣ በረጅሙ ተነፈሰች፣ እጆቿን ዘረጋች። በቃ፣ ገባኝ። ከዚህ በላይ ምን ትበለኝ?

«ሲስተር፣ አባዬ ደህና አደረ?» አለች አልማዝ።

«ደህና ናቸው... ትንሽ ደከም ብሏቸው ነው። ለማንኛውም ትልቅ ሰው ጠርተሽ ነይ።»

«ትልቅ ሰው ጥሪ» የተባለ ሀበሻ ሌላ ማብራሪያ አይፈልግም። ልጅቷ ከነምሳ ዕቃዋ ሮጠች።

ብዙም ሳይቆይ ሸማ ተራ ሱቁን ዘግቶ መጣ። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ግቢውን በለቅሶ አናወጡት። የእድራቸው ዳኛ ሐጂ ሙክታር ከፊት ቀድመው «ልጄ፣ አስከሬኑን ስጡን» አሉኝ። እንባዬን እየጠረግኩ ሮሳን ልፈልግ ዞር ስል...

ጋሽ በርጋ ከሕንጻው ጀርባ ብቅ አሉ! ታጥበው፣ ተላጭተው፣ በሆስፒታሉ ፒጃማ። ለቅሶውን ሲሰሙ ደንግጠው በቀጥታ ወደ ሐጂ ሄዱ።

«ሐጂ፣ ምንድነው? ማን ሞተ?»

ሐጂ ዞር ብለው አዩአቸው። ግን ዕድሜ ልካቸውን መርዶ ሲያረዱ የኖሩ ሰው ናቸውና አፋቸው በልማዱ ሄደ።

«መጀመሪያ ቁጭ በል፣ በርጋ... ቁርስ በልተሃል?»

ጋሽ በርጋ ቁርስ መብላታቸውን ሲጠየቁ ጊዜ የሞተው የራሳቸው ሰው እንደሆነ ገባቸው። ሁለት እጃቸውን ራሳቸው ላይ ጭነው «ወይኔ! ወይኔ ሰውዬው! ማንን ነው ያጣሁት?» እያሉ ከሴቶቹ ብሰው አለቀሱ። እድርተኛው አፉን ከፍቶ ያያቸዋል እንጂ የሚነግራቸው ጠፋ። ደግሞስ ምን ተብሎ ይነገራል?

በመጨረሻ አልማዝ አንገታቸው ላይ ተጠምጥማ ጮኸች።

«አባዬ፣ አንተ ነህ እኮ! አንተ ነህ የሞትከው!»

ሮሳ ጩኸቱን ሰምታ እየሮጠች መጣች። እኔ እያለቀስኩም እየሳቅኩም የተጠቀለለውን ፍራሽ በእጄ ምልክት ሳሳያት፣ ከጋዋኗ ላይ አንድ ትኋን በሁለት ጣቷ ይዛ አፍንጫዬ ስር ደቀነችው። ለካ ሌሊቱን ሙሉ ከትኋን ጋር ስትዋጋ ነው ያደረችው! ፍራሹን የጠቀለለችው አውጥታ ልታሰጣው ነው፤ ሰውዬውንም አጥባ ከኋላ በኩል ፀሐይ ላይ አስቀምጣቸው ኖሯል። እኔ ግን እስከ ዛሬ ጥፋቱ የእኔ አይመስለኝም... እንደዚያ ስትተነፍስ ማን አይገምትም!

ጋሽ በርጋ አልተቆጡኝም። ሳቁ እንጂ። ከዚያ እንባቸውን ጠርገው የለቀስተኛውን ፊት አንድ በአንድ ቃኙና ወደ ሐጂ ዘወር አሉ።

«ጎረቤቴ መኮንን አይታየኝም... ሱቁን አልዘጋም እንዴ?»

«ሱቁ ክፍት ነው...» አሉ ሐጂ ጉሮሯቸውን ጠራርገው።

በቁማቸው የገደልኳቸውን እኔን እዚያው ይቅር አሉኝ፤ ለቅሷቸው ላይ የቀረውን መኮንንን ግን... ድነው ከወጡ በኋላም ሰላም አላሉትም።